ሐይቅ፦ ከገዳሙ በር ወዲህ

የአባቴ ትውልድ ባሕርን የሚያውቀው በአሰብ ነው። ሾፌሩም ነጋዴውም ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ ቀይ ባሕር ይደርስ ነበር። እኛ ያ ዕድል የለንም። ለደሴ ልጅ የቀረው ትልቅ ውሃ በስተሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነው ሐይቅ ነው። የሚገርመው፣ ላንጋኖን ደርሶ የመጣ የሰፈሬ ሰው ሐይቅን የሚያውቀው በአስፋልት ሲያልፍ ነው።

ጥቅምት ላይ ከአክስቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ያለው ጊዜ ከመንገዱ ይረዝማል ብል ማጋነን አይሆንም። ከተነሳ በኋላ ግን ቶሎ ነው። በጢጣ አድርገን ቦሩ ሜዳን አለፍን። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ሜዳ ነው። ዛሬ ተሳፋሪው የሚያነሳው ሆስፒታሉን ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ የደሴ ብርድ ይቀራል፣ ጃኬት ይወልቃል።

ሐይቅ ከተማ ራሷ ብዙም አታቆይም። አንድ ዋና መንገድ፣ ሱቅ፣ ባጃጅ፣ ቡና። ውሃው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ በባጃጅ ወረድን።

እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ወንድሜ ገባ። እኔና አክስቴ ቀረን፣ ገዳሙ ሴት አያስገባም። ይህን የሰሙ ብዙ ሴት ጓደኞቼ «ታዲያ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» ይላሉ። አክስቴ ግን ዛፍ ስር ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። «ከዚህም ይሰማል» አለች። እሷ ጸሎቷን ጀመረች፣ እኔ ውሃውን ማየት ያዝኩ።

እውነቱን ለመናገር የቦታው ታሪክ የሚገባው ከውጭ ሲያዩት ይመስለኛል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው እዚህ የመጡት በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ገዳሙን ትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ እግራቸው ሥር ተምረዋል። የገዳሙ አለቃ «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን የነበረው ሰው ነበር። በ1273 ዓ.ም. አካባቢ ለአባ ኢየሱስ ሞዐ የተጻፈው የብራና ወንጌል ዛሬም አለ። የእሳቸው ሥዕልም አለበት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ገዳሙን ሲዘርፍ ብዙ ሀብት ሄዷል፤ ወንጌሉ ግን ተርፏል። ዙሪያውን ውሃ የከበበው ቦታ ለመጽሐፍና ለንብረት መጠበቂያ ለምን እንደተመረጠ ዳር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ደሴቱ ስለተፈጠረበት ሌላ ታሪክም አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች ይላሉ። እግዚአብሔር ተቆጣ፣ አገሩን ሁሉ ውሃ አደረገው። የተረፈው ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ደሴት ሆነ። እንግዲህ ቦታው ለሴት ሲባል የተረፈ ነው ማለት ነው። ለአክስቴ ይህን ስላት ሳቀችና «ዝም በይ፣ መነኮሳቱ ይሰሙሻል» አለችኝ።

ወንድሜ ወጣ። «ምን አየህ?» አልኩት።

«አሪፍ ነው።»

ሪፖርቱ ይኸው ነው። ሌላ ጊዜ ማስታወሻ ደብተር ይዤ እልከዋለሁ።

ከዚያ ወደ ዳርቻው። አሸዋ ላይ እጋደማለሁ ብሎ የሚመጣ ይቅርበት፤ እዚህ ያለው ሣርና ቄጠማ ነው። ልጆች ይዋኛሉ፤ የማይችል ግን ባይሞክር ይሻላል። የውሃው ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቦታ አለ። በጀልባ ትንሽ ወጣ ብለን ተመለስን። ከመሃል ሲታይ በስተምሥራቅ የወረባቦ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ያን ለማየት ብቻ የጀልባው ሂሳብ አይቆጭም።

አሳው ጥሩ ነው። ቀረሶ፣ በደንብ የተጠበሰ፣ ሎሚና አዋዜ። ብዙ ሰው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል እንጂ ቀረሶ ሐይቁ ውስጥ የገባው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የበላንበት ቤት ግን ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶታል። አክስቴ ሁለቴ እንዲቀንሱ ጠየቀች። «አብሽሪ እናቴ» አላት አስተናጋጁ፣ ግን አልቀነሰም። የላስቲክ ጠርሙሱም ዳር ላይ በዝቷል። ከቅዳሜና እሁድ ውጭ መሄድ ሳይሻል አይቀርም።

ከሁሉ የወደድኩት አርዲቦን ነው። ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ሐይቅ ነው። ከእሱ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከትልቁ ሐይቅ ግን በወንዝ የሚወጣ ውሃ የለም። አርዲቦ ላይ ስንደርስ ሙዚቃ የለም፣ አሳ ቤትም አላየሁም። ገበሬው እርሻው ላይ ነው፣ ከብቶች ውሃ ይጠጣሉ። ወንድሜ ከእረኞቹ ጋር ድንጋይ በውሃ ላይ ማንሸራተት ተወዳደረና ተሸነፈ።

ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ውሃና ዳቦ ከከተማ ያዙ። የባጃጁን ሂሳብ ደርሶ መልስ አድርጋችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ እንዲጠብቃችሁም ንገሩት። ወደ ደሴ የሚመለሰው መኪና አመሻሽ ላይ ይጠባል። አክስቴ ጋቢና ስላገኘች ምንም አልመሰላትም። እኔና ወንድሜ ግን ቦሩ ሜዳ አንድ ሰው እስኪወርድ ድረስ ለሦስት በታሰበ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበን መጣን።