የገና ሻሂ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ በዋዜማው ምሽት ነው። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። ዶሮው ብልት በብልት ወጥቶ ተዘፍዝፏል። እኔ ጥግ ይዤ የጾሙን የመጨረሻ ሻይ እየጠጣሁ ነው። 43 ቀን ሙሉ ማኪያቶ አልቀመስኩም። ከሥራ መልስ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ቡና ስንል፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ፣ ማታ ስገባ፣ አብሮኝ የከረመው ይሄው ሻይ ነው። ከነገ ጀምሮ ወተቱ ይመለሳል፣ ሻዩም ይረሳል። ሳይረሳ በፊት ስለ እሱ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

የቤታችን ቅመም ሻይ ነው። ቀረፋ፣ ሄል፣ ቅርንፉድ እና የሻይ ቅጠል። አያቴ ነች ያስተማረችን። እሷ ግን ሻይ ብላው አታውቅም። «ሻሂ» ነበር የምትለው። «ሂድ፣ ከዓረብ ቤት ሻሂ ቅጠል ይዘህ ና» ትለኛለች። ለታናናሾቼ ልንገራችሁ፦ ዓረብ ቤት የምንለው የሰፈሩን ሱቅ ነበር። ብዙዎቹን ሱቆች የከፈቱት የመኖች ስለነበሩ ስሙ ቀረ። ባለ ሱቁ ሐበሻ ከሆነ በኋላም «ዓረብ ቤት» ማለታችንን አልተውንም።

«ሻሂ» ስትል እናርማት ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ የመኖች ራሳቸው «ሻሂ» ነው የሚሉት። አያቴ ቃሉን ከሰጡን ሰዎች ደጅ ነበር ቅጠሉን የምታስገዛኝ።

የቃሉን መንገድ የተከታተልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ቻይናዎች «ቻ» ይሉታል። በየብስ ፋርስ ሲደርስ «ቻይ» ሆነ። ዓረቦች ዘንድ ሲሻገር ደግሞ በመደበኛው ዓረብኛ «ች» የሚባል ድምፅ ስለሌለ «ሻይ» ተባለ። እኛ «ች» ሞልቶናል። «ቻይ» ማለት አያቅተንም፤ እንዲያውም ታጋሹን ሰው ቻይ ነው እንላለን። ህንዱም፣ ሩሲያውም፣ ስዋሂሊ ተናጋሪውም «ቻይ» ነው የሚለው። እኛ ግን በ«ሻ» ቀረን። ከማን እጅ እንደተቀበልነው አጠራራችን ራሱ ይመሰክራል። በቻይና ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ፉጂያን ውስጥ፣ ያው ቅጠል «ቴ» ይባላል። እሱን ደግሞ የሆላንድ ነጋዴዎች በመርከብ ይዘውት አውሮፓ ገቡ። ጣልያንም «ቴ» ነው የሚለው። እኛ ፓስታውንም ማኪያቶውንም ከነስማቸው ከጣልያን ወስደናል፤ «ቴ» ግን አልገባልንም።

የቅመሞቹ ስም ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል። ቀረፋ በዓረብኛ «ቂርፋ» ነው፤ የዛፍ ልጣጭ ማለት ነው። እውነትም ቀረፋ የዛፍ ልጣጭ ነው፣ ተልጦ ሲደርቅ የሚጠቀለል። እኛ «ቅርፊት» የምንለውን ቃል አስቡት። ሁለቱ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ቃል እዚህ ዘመዱን አገኘ። ቅርንፉድ «ቀረንፉል» ነው፤ ሳይፈነዳ የተለቀመ የአበባ እንቡጥ። መነሻው የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያሉት የሞሉካ ደሴቶች ናቸው። ሄል ዓረቦቹም ጋ ሄል ነው፣ ከህንድ የመጣ። አያቴ የምታፈላበት በራድ እንኳ ስሙ ዓረብኛ ነው።

ታናሽ እህቴ ጅዳ ትሠራለች፣ ሰው ቤት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስትሄድ ዓረብኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በምልክት ብቻ ነው ያሳለፈችው። በሦስተኛው ጠዋት ማዳሟ ወጥ ቤት ጠርታ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳች አሳየቻት። «ሄል።» እህቴ ቀና አለች። «ቂርፋ።» «ቀረፋ!» አለች እህቴ። «ቀረንፉል።» «ቅርንፉድ!» «ሻይ።» ሴትዮዋ ሳቀች፣ እህቴም ሳቀች። የዚያን ዕለት ማታ ደውላ «ዓረብኛ እችል ኖሯል እኮ!» አለችኝ። ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ እንደዚያ ሲፈካ የሰማሁት ያኔ ነበር። ያን ጠዋት ሻዩን አያቴ እንዳስተማረችን አድርጋ አፈላችው። እስከ ዛሬም የዚያ ቤት ሻይ የእሷ ነው።

አንድ ቃል ግን ከየትም አልመጣም፤ «ቅመም»። ቀመመ፣ አዋሕዶ አጣፈጠ። መድኃኒት ቀማሚ እንደምንለው። የየአገሩን ልጣጭ፣ ፍሬና እንቡጥ አንድ በራድ ውስጥ የሰበሰበው ስም የኛው ነው። ለዚህ ነው «ቅመም ሻይ» የሚለውን ስም የምወደው። ቅጠሉ ራሱ ዛሬ የኛው አፈር ነው የሚያበቅለው፤ ከቦንጋ አጠገብ ውሽውሽ፣ ኢሉባቦር ደግሞ ጉመሮ።

ማፍላት ለምትፈልጉ፦ ለአንድ ሊትር ውኃ የጣት ርዝመት ያለው ቀረፋ፣ አምስት ፍሬ ሄል ሰንጠቅ ተደርጎ፣ ቅርንፉድ ሦስት። ከሦስት አታሳልፉ፤ ካለፈ የጥርስ መድኃኒት ይሸታል። መጀመሪያ ቅመሙ ብቻውን አሥር ደቂቃ ይንተክተክ። ቅጠሉ መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው የሚገባው። አብሮ ከፈላ ይመራል። ዝንጅብል የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ለጉንፋን ካልሆነ አልጨምርም። ኮረሪማ ደግሞ አያቴ «እሱ ለቡና ነው» ብላ ከልክላናለች፤ እስካሁን አልደፈርኩም።

ቤተ ክርስቲያን የምታድሩ፣ በጸሎታችሁ አስቡን። በሥራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን የምታሳልፉ ነርሶች፣ ሾፌሮች፣ ጥበቃዎች፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። በየዓረብ አገሩ በሰው ጓዳ ቆማችሁ የምትውሉ እህቶቼ፣ በተለይ እናንተን አስባለሁ። ታኅሣሥ 29 ለእናንተ እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነው። እዚህ ስማችሁ ሳይነሳ ዶሮ አይቆረስም።

ነገ ከሰዓት በኋላ እህቴ ትደውላለች። ከጅዳ ጋር ሰዓታችን አንድ ነው። ስልኩን ምድጃው አጠገብ አስቀምጥላታለሁ። በራዱ ሲንተከተክ መስማት ትፈልጋለች።