አራተኛው ካልሲ

ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁንም ሌሊት ትዝ ሲለኝ ትራስ ነክሼ እገላበጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከድሬዳዋ በሚያስወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ነው። ወደ አወዳይ የሚመለስ ባዶ አይሱዙ ዳገቱ መሃል ጥሎኝ ሄደ። የኔዋ ጎልፍ እኮ 1.8 ቱርቦ ናት! አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ደውዬ አለቀስኩ። "ኢንቴክ ማኒፎልዱ ነው የሚያፍናት፣ ሰፋ ያለ ግጠምላት" አለኝ። አየሩን ለሞተሩ የሚያከፋፍለውን ቱቦ ማለቱ ነው። እውነቱን ልናገር? ኦርጅናሉ ምንም አልሆነም። ሰፊው ጥቅሙ የሚታየው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲጮህ ነው። እኔ ደግሞ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በባጃጅ ታጅቤ ከሁለተኛ ማርሽ የማልወጣ ሰው ነኝ።

ቢሆንም ገዛሁ። የዚህ ሞተር ቴስታታ፣ ማለትም ማኒፎልዱ የሚገጠምበት የላይኛው ክፍል፣ ባለ ትልቅ ቀዳዳም ባለ ትንሽ ቀዳዳም አለው። ሻጩ "ይገባል፣ ዝም ብለህ ውሰድ" ብሎ ትልቁን አሸከመኝ። አልገባም። በልኩ ለወጠልኝ፣ ግን ጨምሬ ነው። ይለፍ።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ላይ ፈታሁት። ጎረቤቶቼ ጥላ ስር ፍራሽ አንጥፈው ቅመዋል፤ ሙሉ ተመልካች አለኝ። አሮጌው ሲነሳ አራቱ ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፈቱ። እዚያ ውስጥ አንዲት ዳዶ ከገባች ሞተሩ አበቃለት። መወተፍ አለበት። ጨርቅ የለም። ከሽቦው ላይ የቢሮ ካልሲዎቼን አወረድኩ፤ ሁለት ጥንድ፣ አራት ቀዳዳ። ልክክ!

አቦ፣ ድሬ ላይ ካልሲ! አገር በሽርጥና በሰንደል በሚውልበት ከተማ የኛ መሥሪያ ቤት "ጥቁር ጫማ ከነካልሲው" ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ኤሲው የሚሠራው አለቃችን ክፍል ብቻ ነው። እሳቸው ሰንደል ነው የሚያደርጉት።

ወደ ጉዳያችን። ካልሲዎቹን አወጣሁ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ አየር እንዳያፈተልክ መሃል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ አስተካከልኩ፣ ማኒፎልዱን ገጠምኩ። ቡሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀስ በቀስ፣ እንደ ደንቡ አጠበቅኩ። ቱቦዎቹን አሰርኩ። ላስነሳ ስል ዕቃ ሰበሰብኩ። ካልሲ አንድ። ሁለት። ሦስት።

ሦስት!

"ካልሲ ያየ!" ብዬ ጮህኩ። ሰፈሩ ተነሳ። አንዱ "ቱርቦው ውጦት ይሆናል" አለኝ። ደሜ ፈላ። "ቱርቦው ከማኒፎልዱ በፊት ነው! አየሩ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር፣ ከዚያ በስሮትሉ አልፎ ወደዚህ ነው የሚመጣው፤ ወደ ኋላ አይሄድም!" እያልኩ በግራ እጄ እያንዳንዱን እየነካሁ አስረዳኋቸው። በአክብሮት ሰሙኝ። እጄን አተኩረው ሲያዩት ማስረዳት የምችል ሰው ነኝ ብዬ ደስም አለኝ።

ሁሉንም መልሼ ፈታሁ። ጓርኒሲዮኑ ተቀደደ። በስልክ መብራት አራቱን ቀዳዳ አየሁ። የለም። ሽቦው ስር ፈለግን። የለም። የጎረቤትን ፍየል አፏን ከፍቼ አየሁ። ባለቤቷ እስካሁን ሰላምታዬን በቅጡ አትመልስም።

በመጨረሻ አንዲት ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ እጅህ ላይ ያለውስ?" አለችኝ።

ግራ እጄን አየሁት። ጥቁር ካልሲ፣ እስከ አንጓዬ ድረስ። ለካ ፀሐይ ያጋለው ብረት ሲለበልበኝ እንደ ጓንት አጥልቄው ኖሯል። ያን ሁሉ ትምህርት የሰጠሁት በካልሲ ነው።

ግን የሚያቃጥለኝ እሱ አይደለም። ሁሉም አይተውታል! አንድ ሰዓት ሙሉ! "ለምን አልነገራችሁኝም?" ብዬ ጮህኩ። አንዱ ትራሱን ተደግፎ፣ "ወላሂ፣ እኛማ የሙያው መስሎን ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው።

ጓርኒሲዮኑ ታይዋን ገበያ የለም። "ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል" ተብያለሁ፤ እየመጣ ነው። መኪናዋ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች፣ እኔ በባጃጅ እመላለሳለሁ። ትናንት ከማላውቀው ሰፈር የያዝኩት ባለ ባጃጅ "ካልሲ፣ ሳቢያን ሰፈር ነህ?" አለኝ። ስንደርስ ሂሳቡን በግራ እጄ ዘረጋሁለት። ብሩን ከመቀበሉ በፊት እጄን አገላብጦ አየው።