የመንደሩ ሁሉ ስልክ

በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ መመሪያ ሲረቀቅ፣ ተጠቃሚዎችን የመለየቱ ሥራ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲሰጥ ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡ መነሻ ነበረው፤ ቶጎ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ «ኖቪሲ» በተባለው ፕሮግራሟ የሳተላይት ምስልንና የሞባይል ስልክ አጠቃቀም መረጃን አጣምራ የገጠር ድሆችን በመለየት ገንዘቡን በስልካቸው ልካላቸዋለች። አማካሪዎቹ ያቀረቡልን ሞዴልም (ከመረጃ ተምሮ የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ጥናት የተደረገባቸውን ቤተሰቦች የኑሮ ደረጃ ከስልክ አጠቃቀማቸው ጋር እያመሳከረ ከተማረ በኋላ ለቀሩት ቤተሰቦች የኑሮ ደረጃቸውን የሚገምት ነጥብ የሚሰጥ ነበር።

የሙከራው ዝርዝር በሚገመገምበት ዕለት አንዲት የመስክ ባለሙያ፣ «ድጋፍ አያስፈልጋቸውም» ከተባሉት መካከል አንዱ መዝገብ ላይ ስትደርስ አላልፍ አለች። ቤቱን ራሷ ሄዳ አይታዋለች፤ የአንዲት ባልቴት ቤት ነው። ስልኳ ግን በአካባቢው ከሚገኙት ጥቂት ስልኮች አንዱ በመሆኑ ጎረቤቶቿ ሁሉ የየራሳቸውን ካርድ እየሞሉ ውጭ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር ይነጋገሩበታል። ሞዴሉ የጥሪውን ብዛትና የሚሞላውን ካርድ ቆጥሮ ሴትዮዋን ከባለጸጎች ተርታ አሰልፏታል።

አማካሪው በአማካይ ሲታይ ስሕተቱ አነስተኛ ነው ሲሉ መለሱ፤ አልዋሹም። እ.ኤ.አ. በ2022 በ«ኔቸር» መጽሔት የወጣው የቶጎው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዘዴው ድጋፉን በአካባቢ ለይቶ ከማከፋፈል ጋር ሲነጻጸር ድጋፍ የሚገባቸውን ሰዎች የመዝለል ስሕተትን ከ4 እስከ 21 በመቶ ይቀንሳል። የተሟላ የቤተሰብ መዝገብ ቢኖር ከሚፈጠረው ስሕተት ጋር ሲተያይ ግን ከ9 እስከ 35 በመቶ ይበልጣል፤ ይህን ሁለተኛውን ቁጥር በስብሰባ ላይ የሚጠቅስ ሰው እምብዛም አያጋጥመኝም።

ኃላፊያችን «ሴትዮዋ ብታመለክት ማን ይሰማታል?» ብለው ሲጠይቁ ረቂቁ ተገለጠ፤ «ቅሬታ በሲስተሙ ይስተናገዳል» ከሚል አንድ መስመር በቀር የተጻፈ ነገር አልነበረም። የቀረው የስብሰባው ጊዜ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ሞዴሉ ዝርዝሩን በቅደም ተከተል እንዲያዘጋጅ፣ ውጤቱን የመለወጥ ሥልጣን ያለው አቤቱታ ሰሚ በየአካባቢው እንዲመደብ፣ ስልክ የሌላቸውም በአካል ቀርበው እንዲመዘገቡ ተስማማን። አማካሪው አቤቱታ ሰሚዎቹ ለዘመድ እንዳያደሉ ሠጉ፤ ሥጋታቸው ተገቢ ስለነበር ማንኛውም ለውጥ ከነምክንያቱ ተመዝግቦ ኦዲት እንዲደረግ የሚል አንቀጽ ተጨመረ።

የበጀት ክፍሉ ለሞዴሉ የተጠየቀውን ገንዘብ ሳያንገራግር ሲያጸድቅ፣ የአቤቱታ ሰሚዎቹን አበል ግን «በድጋሚ ይብራራ» ብሎ መልሶታል።