የግዕዝ ፎንቶቼ ያሳብቁብኛል

ጎንደር ፒያሳ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ከእኔ ይልቅ የደንበኞቼ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ የሥራ ማመልከቻ ይልክበታል፤ ሌላዋ የልጇን የምርመራ ውጤት ከኢሜይል አውጥታ ታሳትምበታለች። ስለዚህ ማታ ቤቱን ከመዝጋቴ በፊት ኩኪዎቹን፣ ማለትም ድረ ገጾች ኮምፒውተሩ ላይ የሚተዉትን የመለያ ማስታወሻ፣ ሳላጠፋ ወጥቼ አላውቅም። በዚህ ዱካቸው ይጠፋል ብዬ አምን ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብራውዘሮቼን፣ ማለትም ድረ ገጽ የምከፍትባቸውን ፕሮግራሞች፣ ስፈትን ዋልሁ፤ ድረ ገጾች ያለ ኩኪም በማሽኑ ጠባያት ድምር፣ አሻራ በሚሉት፣ ይለዩአቸው እንደሆነ ለማየት። የተጠቀምሁት የኢንተርኔት መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረውንና ዛሬ ከቨር ዩር ትራክስ የሚባለውን መፈተሻ ነው። በመጀመሪያው ጥናታቸው ከተፈተኑት ብራውዘሮች 83.6 በመቶው አምሳያ የሌላቸው ሆነው ተገኝተው ነበር። የእኔም ክሮም እንደዚያው ሆነ። ኩኪ አጥፍቼ በስውር መስኮት ደገምሁት፤ አሁንም አምሳያ የለውም።

ዝርዝሩን ሳየው ዋናው አሳባቂ ፎንት ነው። የሰርግ ካርድ ሠሪ ስለሆንሁ ኒያላ፣ አቢሲኒካ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ሁሉም ተጭነዋል። ድረ ገጽ እነዚህን እንዴት እንደሚያውቅ ስረዳ ደነገጥሁ። ዓይን በማያየው ቦታ አንድ ቃል በአንድ ፎንት ስም ይጽፍና ስፋቱን ይለካል። ስፋቱ ከመደበኛው ከተለየ ፎንቱ አለ ማለት ነው። ይህን ልዩነት በእጄ አውቀዋለሁ፤ የሙሽሮቹ ስም መስመሩን ልክ ሞልቶ ሳለ ፎንቱን ስቀይር የመጨረሻዋ ፊደል ወደ ታች ትወርዳለች። ካርድ የማሳምርበት ነገር የደንበኞቼን ማሽን ለይቶ ማወቂያ ሆኖ አገኘሁት። የቋንቋ ዝርዝሬ አናት ላይ ደግሞ አማርኛ አለ፤ የሰዓት ቀጠናዬም የአዲስ አበባ ነው። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ሌላ ሰው ስንት ይገኛል?

ከዚያ አሻራን የሚደብቁ ብራውዘሮችን ሞከርሁ። ብሬቭ የሚባለው ከሌሎች ጋር መመሳሰልን ሳይሆን መለዋወጥን ይመርጣል። ገጹ ማሽኑን ለመለየት በስውር የሚያስለውን ሥዕልና የድምፅ ስሌት በየድረ ገጹ፣ ብራውዘሩም በተከፈተ ቁጥር፣ በጥቂቱ ያዛባዋል። ፋየርፎክስ ላይ ጥብቁን የአሻራ መከላከያ ስከፍት ሰዓቱ ወደ ግሪንዊች ዞረ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 9:00 የገባ መልእክት 6:00 ተብሎ ታየኝ።

ልቤን የገዛው ግን ግንኙነትን በብዙ ኮምፒውተሮች መረብ አዘዋውሮ ምንጩን የሚደብቀው ቶር ብራውዘር ነው። መስኮቱን ብዘረጋውም ለገጹ የሚያሳየው ስፋት የ200፣ ቁመቱም የ100 ፒክስል ብዜት ነው፤ የተረፈውን ባዶ ጠርዝ አድርጎ ይተወዋል። ከእኔ ፎንቶች ይልቅም ከሌሎች ተጠቃሚዎቹ ጋር የሚያመሳስሉኝን ብቻ ያቀርባል። ነገር ግን አማርኛን በቋንቋ ዝርዝሩ ላይ ብጨምር ከሕዝቡ መካከል ተነጥዬ እወጣለሁ፤ እንግሊዝኛ ብቻ የምጠይቅ መስዬ መቅረብ አለብኝ። ይህ ያመኛል። አማርኛ ጠያቂው ብዙ ቢሆን ኖሮ መደበቂያችን ራሱ አማርኛ ይሆን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለደንበኞቼ ሌላ ኮምፒውተር ለየሁላቸው። ከቶር ፕሮጀክት ጋር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን፣ በቶር መረብ ግን የማያልፈውን ሙልቫድ ብራውዘር ጫንሁበት። ትርፍ ፎንት አንድም አላስገባሁበትም። ፎንቶቹ በአሮጌው ማሽን ከእኔ ጋር ቀርተዋል፤ ለጥር ሰርግ የታዘዙ ካርዶች አሉብኝ።