መርዝ የለመዱት የባሕር አልጌዎች

ዛሬ ከሰዓት ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማረው የእህቴ ልጅ ስለ ባሕር አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ስለሚያድጉት ተክል መሰል ፍጥረታት፣ ማውራት ጀመረ። ጎንደር ተቀምጠህ የባሕር አልጌ ምን ይሠራልሃል ብዬ ልስቅበት ስል ወሬው ራሱ ያዘኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕር ውሃ ውስጥ በተፈጥሮው አርሰኒክ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር አለ፤ በሊትር ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም ገደማ። አልጌ ደግሞ ለማደግ ፎስፌት የሚባል ምግብ ይፈልጋል፣ አርሴኔት የሚባለው የአርሰኒክ ዓይነት ፎስፌትን ስለሚመስል በዚያው በር ሰተት ብሎ ይገባል። ታዲያ አልጌው ዝም አይልም። ከስኳር ጋር አያይዞ፣ መርዛማነቱ በጣም ወደቀነሰ አርሴኖሹገር ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረትና መዳብ ሲበዛበትም ፋይቶኬላቲን የሚባሉ አጫጭር ፔፕታይዶች (ትንንሽ የፕሮቲን ቁራጮች በሉት) ሠርቶ ብረቱን ጥፍር አድርጎ ያስረዋል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ዳያቶም የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሴል አልጌዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ዚንክ ሲያጥራቸው ካድሚየሙን በዚንክ ቦታ ኢንዛይም ውስጥ አስገብተው ያሠሩታል። መርዙን በደመወዝ ቀጠሩት እኮ!

ሁሉም ግን እንዲህ ጎበዝ አይደለም። ጃፓኖች የሚበሉት ሂጂኪ የሚባል የባሕር አልጌ አብዛኛውን አርሰኒክ ሳይለውጥ ስለሚያከማች፣ የእንግሊዝ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 አትብሉት ብሎ መክሯል።

የጣናው እምቦጭስ? አልኩት። አልጌ አይደለም፣ ግን እሱም ከባድ ብረቶችን በሥሩ ይሰበስባል አለኝ። እንግዲህ እምቦጭን ለከብት መኖ እናድርገው የምትሉ ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ ላብራቶሪ ብታስገቡት አይሻልም?