እዳ ቦታ ነው እንዴ?

እኛ "እዳ አለብኝ" ነው የምንለው፣ "ብኝ" የምትለዋን ልብ በሏት፣ እዳው ላዬ ላይ ነው፣ ተሸክሜዋለሁ። እንግሊዝኛ ላይ ግን ሰውየው ነው እዳው ውስጥ ያለው፣ "ኢን ዴት" ይላሉ፣ ሲከፍል ደሞ ይወጣል። እሺ እኛም "እዳ ገባሁ" እንላለን፣ አልክድም፣ ግን እነሱ አብዝተውታል፣ ስለ እዳ ያሏቸውን ፈሊጦች ሳይ ግማሾቹ የአድራሻ ነው የሚመስሉት።

"ኢን ሆክ" የሚለውን ውሰዱ። ዛሬ እቃ መያዣ አስይዞ መበደር ወይ በቃ እዳ ውስጥ መሆን ማለት ነው፣ ቃሉ ግን የመጣው ከደች "ሆክ" ነው፣ የእንስሳ ማጎሪያ ማለት ነው፣ እስር ቤትንም ይሉት ነበር። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፣ ድሮ እንግሊዝ አገር ያልከፈለ ሰው የምር ይታሰር ነበር። የደራሲው የቻርልስ ዲከንስ አባት እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ማርሻልሲ እስር ቤት የገቡት 40 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ እዳ አለባቸው ተብሎ ነው፣ ልጁ ያኔ ገና 12 ዓመቱ ነው፣ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ ይሰራ ነበር። ቆይ ግን ሰው ታስሮ ምን ሰርቶ ነው የሚከፍለው? ይሄ ነገር በአብዛኛው የቀረው በ1869 በወጣ ህግ ነው።

"ኢን ኬሪ ስትሪት" ደሞ ጭራሽ የእውነት መንገድ ነው፣ ለንደን የኪሳራ ፍርድ ቤቱ የነበረበት፣ እና እገሌ ኬሪ ስትሪት ነው ከተባለ ከስሯል ማለት ነው።

"ኢን ዘ ሬድ" ብዙ ታሪክ የለውም፣ ሂሳብ ሰራተኞች ኪሳራን በቀይ ቀለም ስለሚጽፉ ነው። ትርፍ በጥቁር ስለሚጻፍ "ኢን ዘ ብላክ" መሆን ጥሩ ነገር ነው፣ ለኔ ጆሮ ግን ሁሌም ጥቁር መዝገብ ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ ሃሃ። ውሃም አላቸው፣ የቤቱ ዋጋ ወርዶ ብድሩ ሲበልጠው ባለቤቱ "አንደርወተር" ነው ይባላል። እኛ እስከ አንገት ስንዘፈቅ እነሱ እስከ ጆሮ ነው።

ቦታ የሌለው አንዱ "ከጴጥሮስ ዘርፎ ለጳውሎስ መክፈል" የሚሉት ነው፣ ማለትም ካንዱ ተበድሮ የሌላውን ብድር መዝጋት። እሱንም ቢሆን ቦታ ሊፈልጉለት ሞክረዋል፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቅዱስ ጴጥሮስ የሆነው የዌስትሚኒስተር አቢ ንብረት ተወስዶ ለቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል መጠገኛ ስለዋለ ነው የሚል ታሪክ አለ፣ ብዙ ሰው ያምነዋል፣ እኔም አምኜ ለሰው አውርቻለሁ። ችግሩ አባባሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ላይ ተገኝቷል፣ ስለዚህ ታሪኩ አይሰራም። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ" ብዬ ልተረጉመው አስቤ ነበር፣ እሱ ግን ጥፋት ማላከክ ነው እንጂ ብር የለበትም፣ ተውኩት።