ስምንት ሰው፣ አንድ ተሳቢ

ቤተሰባችን ስምንት ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አምስት ልጆችና እናቴ። የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው። መኪናችን ስምንት ሰው የምትይዝ አሮጌ ቶዮታ ሴኮያ ናት። ሆቴል ከሄድን ሁለት ክፍል መያዝ ግዴታ ነው፤ ለሦስት ሌሊት ሁለት ክፍል ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ስለዚህ ፒስታ መንገድ የሚችል፣ አልጋ ያለው ተሳቢ እንግዛ ተባለ። መጀመሪያ ተከራይተን እንሞክር ያልኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ባልል ዛሬ ዕዳ ላይ ነበርኩ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትልቁን ተከራየን። ተደራራቢ አልጋ፣ ሻወር፣ ፍሪጅ፣ ምን የሌለው ነገር አለ? ጎኑ ላይ «ኦፍሮድ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ልጆቹ ገና ግቢያችን ውስጥ እያለ አልጋ ሲከፋፈሉ ተጣልተው ታርቀዋል። አከራዩ «መኪናህ ስንት ትጎትታለች?» አለኝ። «7,000 ፓውንድ» አልኩት። «ይሄ ከነዕቃው 6,000 ነው፤ እንደውም ይተርፍሃል» አለ። እኔም አመንኩ። ስናያይዘው የሴኮያዋ ቂጥ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ቀና አለ። ትንሹ ልጄ «አባ፣ መኪናችን ሰማይ እያየች ነው» አለኝ። ልጅ ያየውን ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሳቅኩና ነዳሁ።

ሐሳባችን ዩታ፣ ሞአብ መድረስ ነበር። ከእኛ 355 ማይል ገደማ ነው። አይ-70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘህ ወደ ምዕራብ ስትወጣ፣ ዳገቱ እስከ አይዘንሃወር ዋሻ አይለቅህም። ዋሻው ያለው ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጣርማ በርን በመኪና የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ሞተር ያቃስታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ የጉልበቱን ሲሶ ገደማ ያጣል። ያም ሆኖ ወጣን። የከፋው ቁልቁለቱ ነበር። ከዋሻው እስከ ሲልቨርቶርን ያለው መንገድ ፍሬን ለከዳው ከባድ መኪና ሁለት የጠጠር ማምለጫ የተሠራለት ነው። እዚያ ላይ መሪው እጄ ውስጥ ቀለለ። ሳዞረው የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በደንብ የያዙት አይመስልም። ማርሽ ቀነስኩ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ መጣ። እናቴ ከኋላ «እመብርሃን» ማለት ስትጀምር ልጆቹ ዝም አሉ።

ሞአብ ቀረ። ዲለን ሐይቅ ዳር ሁለት ሌሊት አድረን፣ በአርባ ማይል ፍጥነት እየተጎተትን ተመለስን።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጓደኛ አለኝ። (እዚህ ከተማ ከባድ መኪና የሚነዳ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ማን አለ?) ነገሩን ስነግረው የጠየቀኝ ስለ ሞተሩ አይደለም። «ስማ፣ የስንት ኪሎ ሰው ነው የጫንከው?» አለኝ። ተሳቢውን ሳልመልስ ከባድ መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ አቆመኝ። ከዚያ የሹፌሩን በር ከፍቶ እዚያ ጋ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ስንት ዓመት ነድቼ አንድም ቀን አንብቤያት አላውቅም። መኪናዋ ሰውና ዕቃ ተደምሮ መሸከም የምትችለው 1,290 ፓውንድ ነው ትላለች። 585 ኪሎ መሆኑ ነው።

እኛ ስምንታችን ስንመዘን 920 ፓውንድ ነን። ተሳቢ ደግሞ ከኋላ ዝም ብሎ አይከተልም፤ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ፣ ማለትም መኪናው ላይ ያርፋል። የእኛው 780 ፓውንድ ተጭኖ ነበር። ደምሩት፤ 1,700። ሻንጣውንና የምግብ ሳጥኑን ገና አልቆጠርንም። መጎተትማ ትጎትታለች። መሸከም ነው ያቃታት።

ለካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ተሳቢው ማነስ አለበት። የትም ብትሄድ የምትሰማው ግን «ቤተሰብህ ትልቅ ነው? ትልቁን ውሰድ» የሚል ነው።

ከ1,290 ላይ 920 ሲነሳ የቀረን 370 ፓውንድ ነው። ከዚህ ተነስተን ስናሰላ ተሳቢው ሞልቶ ከ2,500 ፓውንድ ማለፍ የለበትም። ሞልቶ ነው ያልኩት። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የባዶው ክብደት ነው፤ መቶ ሊትር ውሃ ብቻ 220 ፓውንድ ይጨምርበታል። በዚህ ሒሳብ ሻወሩም ፍሪጁም ሳንወያይ ወደቁ። የቀረን የብረት ሳጥን፣ ጣሪያው ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ከሥሩ እንደ መጋረጃ የሚንጠለጠል ሌላ ክፍል ነው።

እናቴ ፎቶውን ስታይ መሰላሉ ላይ ዓይኗ ቀረ። «እዚህ ላይ ነው የምተኛው? ዶሮ ነኝ እንዴ ቆጥ ላይ የምሰፍረው?» አለች። ጉልበቷ ያማታል፤ እውነቷን ነው። የታችኛው ክፍል ለእሷ ታጣፊ አልጋ የሚበቃ እንዲሆን ተስማማን። ከዚያ በኋላ ያየነውን ተሳቢ ሁሉ የመረጥነው በእሷ አልጋ ነው ማለት ይቻላል።

የቀረውን በጓደኛዬ ምክር ጨረስን። የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ይኑረው። ጎማና ቸርኬው ከመኪናው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ይሠራል። ማያያዣው በየአቅጣጫው የሚዞር ይሁን፤ ተራው የኳስ ማያያዣ ጎድጓዳ መንገድ ላይ ይጨናነቃል። ከሥር የሚሸከመው ሞላስ? ባሌስትራ (የተደራረበ ብረት) ወይስ እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ የሚንቀሳቀስበት ዘመናዊው? ዘመናዊው ይመቻል፣ ግን ውድ ነው። ባሌስትራ ቢሰበር የትም መንደር የሚጠግነው አይጠፋም። ባሌስትራ ወሰድን። ሻጩ ያገለገለ ዕቃ ነው የሚሸጠው፣ ግን ከሁሉ አስበልጦ ያወራልን ስለ ኩሽናው ነበር። ከኋላ እንደ መሳቢያ ይወጣል፤ ምድጃ፣ መታጠቢያ፣ መክተፊያ አለው። ባለቤቴም ወደደችው።

በጥቅምት ሞአብ ገባን። ዋሻውን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ የመንግሥት መሬት ላይ፣ ምልክት በተተከለበት ቦታ ነው ያደርነው። ቦታው ሽንት ቤት የለውም፤ የራስህን ይዘህ መጥተህ ይዘህ ትመለሳለህ። ይሄን ለእናቴ ማስረዳት ከተሳቢ ግዢው በላይ ፈጅቶብኛል።

ከአስፋልቱ ስንወጣ የሁሉንም ጎማ ነፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ አወረድኩ። አሸዋው ላይ ተንሳፍፈን ሄድን። ኮሮኮንቹ ግን አቧራውን ከኋላ እየሳበ በየቀዳዳው ያስገባል። ስንደርስ የኩሽናውን መሳቢያ ሳብኩ። ሁሉም ነገር ቀይ ነው። የበርበሬው ዕቃ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ አፉ ላይ ቀይ ዱቄት ተቆልሏል። የሞአብ አፈር ይሁን በርበሬ፣ በዓይን አይለይም። ባለቤቴ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና ተፋችው። ክዳኑን በፕላስተር ማሸግ የተማርነው ያኔ ነው።

አራቱ ልጆች ጣሪያው ላይ፣ ትንሹ ከአያቱ ጋር ታች፣ እኔና ባለቤቴ በትንሽ ድንኳን መሬት ላይ አደርን። ሌሊቱን ነፋሱ የጣሪያውን ሸራ ሲያርገበግበው ነጋ። ልጆቹ አልሰሙም።

ጠዋት ስነሳ ጭስ ሸተተኝ። ያ የተወደሰው ኩሽና ለቆመ ሰው የተሠራ ነው፤ ወገብ ድረስ ይመጣል። እናቴ ተቀምጣ ካልሆነ አትሠራም። ትንሿን የጋዝ ምድጃ አውርዳ፣ ከነፋስ በሚከልል ቀይ ድንጋይ ሥር አስቀምጣ፣ በርጩማዋ ላይ ሆና ቡና ትቆላለች። መሳቢያው ተጎትቶ እንደወጣ ነው። መክተፊያው ላይ የአምስት ልጆች ጫማ ተደርድሯል።